ጭሱ የማራቸው እንቁላሎች

ዶን ኤቫሪስቶ ኬስለር ከምሳ በኋላ ሊያሸልብ ገብቶ ሳይነቃ ቀረ። ሚስቱ ዶኛ ዴልፊና የማቴ ሻዩን ውሃ አሙቃ ብትጠብቀው ብትጠብቀው የውሃ ሽታ ሆነባት። ጓሮ ወዳለችው የጡብ ክፍል ሄዳ በሩን ስትገፋ የጭስ ጠረን አፍንጫዋን መታው። ባሏ በሽቦ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ጉንጩ ደም መስሏል፤ በሕይወት ሳለ እንኳ እንደዚያ አምሮበት አያውቅም። ከራስጌው ከአያቱ የወረሰው የእንጨት እንቁላል መፈልፈያ ቆሟል፤ በጎኑ የተንጠለጠለው የላምባ ፋኖስ በዝግታ ይነዳል።

ኢንስፔክተር ኦፌሊያ ባሬይሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከፓራና ከተማ ስትደርስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቃት። የሪንኮን መንደር ፖሊስ ሩፊኖ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«አደጋ ነው አለቃ። የፋኖሱን ጭስ የሚያወጣው ቱቦ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ደፍናዋለች። ሐኪሙም ጭስ ነው የገደላቸው ብለዋል። መፈልፈያውን ያደሰው አናጢው ናሳሪዮ ጎዶይ ነው፤ የቱቦውን አፍ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ነበረበት፣ አልሸፈነም። መኪና ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«ማን ቆልፍበት አለህ?»

«ሕሊናዬ።»

«ሕሊናህን ለእሁድ አቆየው። ሰውየውን አውርደው።» ጓንቷን እያጠለቀች ገባች። «የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም! ፋኖሱንም፣ ሳጥኑንም። እንቁላሎቹንማ ማን ይነካል? ዶን ኤቫሪስቶ ከሞት ተነስተው ያንቁኛል።»

ኦፌሊያ ጫጩት እያስፈለፈለች ካሳደገቻት እናት የተወለደች ናት። የዶሮ ሽታ ሸሽታ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው፤ እጇ ግን የለመደውን አልረሳም። ሳጥኑን ዞራ አየችው። ናሳሪዮ ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል። የበሰበሰውን ወለል በአዲስ ዝግባ ተክቷል፣ በድርብ ግድግዳው መካከል ደረቅ ሰጋቱራ ጠቅጥቋል፣ የበሩን መስታወት ቀይሯል። ዶን ኤቫሪስቶን «በኤሌክትሪክ አድርገው» ቢሉት አሻፈረኝ ብሏል፤ አያቴ በላምባ ነው ያስፈለፈሉት፣ እኔም በላምባ ነው የማስፈለፍለው አለ።

ግድግዳው በጥቀርሻ ጠቁሯል። የፋኖሱ ክር ግን ዝቅ ብሎ ነው የሚነደው፤ እንደዚያ የሚነድ ክር ግድግዳ አያጠቁርም።

የመፈልፈያውን በር ከፈተች። እንቁላሎቹ የወይራ ቀለም አላቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ በእርሳስ የተሣለ ክብ ወደ ላይ ይታያል። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቦታ ባዶ ነው። አንዱን አንስታ ከሥሩ ባትሪ አበራችበት። ቀያይ ሥሮች እንደ ዛፍ ተዘርግተዋል፤ መሐላቸው ያለው ጥቁር ነገር ተፈራገጠ። ሁለተኛውን አየች። ሌላ ደገመች።

«ሩፊኖ፣ ይህ ሳጥን አየር የሚስበው ከየት ነው?»

«ከ… ከውጭ?»

«ከታች ባሉት ቀዳዳዎች፣ ከዚሁ ክፍል። እንቁላል ይተነፍሳል፤ ቅርፊቱ ወንፊት ነው። ሰውየው የሳበውን ጭስ እነዚህም መሳብ ነበረባቸው። በሬ የሚያክል ሰው ገድሎ ጥፍር የማያክል ጫጩት የሚምር ጭስ አይተህ ታውቃለህ?»

ሩፊኖ አማተበ።

ከክፍሉ ጀርባ ወጥታ ቱቦው ውስጥ የነበረውን ጎጆ መዘዘችው። ሣሩ ከፊት ብቻ ጠቁሯል፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በዚህ ወር ጎጆ የምትሠራ ወፍ በሪንኮን የለችም። ወንፊት ሽቦውን ከግድግዳው ሥር፣ ሣር ውስጥ ተወርውሮ አገኘችው። ማሰሪያው በጉጠት ተቆርጧል።

ናሳሪዮ ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«ሽቦውን አስሬዋለሁ ኢንስፔክተር! በእናቴ አፅም!»

«አግኝቼዋለሁ፤ አይማሉ። ይልቅ የምሳውን ነገር ይንገሩኝ።»

አናጢው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ሳጥኑን ሊያስመርቅ ጠራን፤ እኔንና ጎረቤቱን ዶኛ ክሎቲልዴን። ሳንበላ በፊት እዚህ አስገባንና እንቁላሎቹን ፊታችን ገለበጣቸው። ባንድ ጎናቸው መስቀል፣ በሌላው ክብ ይሥልባቸዋል፤ የተገለበጠውንና ያልተገለበጠውን እንዳያምታታ። ሲጨርስ ሁሉም መስቀል ሆኑ። ‹መቃብር ቦታ መሰለ› ብዬ ቀለድኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ቀጥሎ መቼ ነበር የሚገለብጣቸው?»

«ከእንቅልፉ ሲነሣ።»

«ረድፉስ ሙሉ ነበር?»

«ጢም ብሎ! ‹አንዲት ክፍተት ያገኘ ጢሜን ይላጨኝ› ብሎ ፎክሯል።»

«ዶኛ ክሎቲልዴስ ምን አለች?»

ናሳሪዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም። እንቁላሎቹን አየቻቸው፤ ቀጥላ እሱን አየችው። ማዕድ ላይ ቋሊማውን አልቀመሰችም። አምና የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ‹ዶሮዎችሽ ታመዋል› ብሎ መንጋዋን በጆንያ ከቶ አቃጠለባት። ሊቀመንበሩ ማን ሆነና? ራሱ ኤቫሪስቶ ነው። ከአያቷ የወረደ ዘር ነበር፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ የወይራ ቀለም እንቁላል የሚጥል ሌላ ዶሮ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ፊቷ ቆሞ ‹እነዚህን ከደቡብ ነው ያመጣኋቸው። የኬስለር ዶሮ ብዬ በዓውደ ርዕይ አቀርባቸዋለሁ› አላት። እየሳቀ።»

ዶኛ ዴልፊና ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ዘወር አላለችም።

«እንባ ፈልገሽ ከሆነ ልጄ፣ ሌላ ቤት ሂጂ።»

«የመጣሁት ለጥያቄ ነው። ምሳ ላይ ወይን የቀዳለት ማን ነው?»

«እኔ። ዕድሜ ልኬን ስቀዳለት ኖሬ ዛሬ ልተው?»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ተኛሁ። እዚህ አገር በቀትር የሚነቃ ሌባና ውሻ ነው። የኛ ውሻ ደግሞ እሱም ይተኛል።»

«መፈልፈያው ክፍል ይገባሉ?»

«ላባ ያስነጥሰኛል። እንቁላል መጥበሻ ላይ ካልሆነ አላውቀውም። እነዚያንም ከቀብሩ በኋላ ለአሳማ ነው የምደፋቸው።»

«ባለቤትዎን ሲያገኟቸው በሩ ዝግ ነበር?»

የዶኛ ዴልፊና እጅ ሳሙናው ላይ ቆመ። «ገርበብ ብሎ ነበር… አሁን ስትጠይቂኝ ነው ልብ ያልኩት። እሱ በብርድ በር ከፍቶ አይተኛም።»

ዶኛ ክሎቲልዴ ኤበርሌ ከሌሎች ጎረቤቶች ተነጥላ አጥሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት።

«አዘኑ?» አለቻት ኦፌሊያ።

«አላዘንኩም። ደስም አላለኝ። ተኝቶ መሞት ለኤቫሪስቶ ይበዛበታል።»

«በቀትር የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ። የላባ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ።» ዓይኗን ወደ ጡቧ ክፍል መለሰችና፦ «እንቁላሎቹስ ምን ይደረጋሉ?» አለች።

«ዶኛ ዴልፊና ለአሳማ እደፋቸዋለሁ ትላለች።»

የክሎቲልዴ ከንፈር ነጣ። «እስከዚያው ድረስ ፋኖሱን የሚያይ ሰው አለ?»

ኦፌሊያ ዞር ብላ የብርበራ ፈቃድ ለማግኘት ለዳኛው ደወለች፤ ከዚያ ለሩፊኖ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። እሱም «ብርድ ልብስ?» ብሎ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ብርድ ልብስ። ፍጠን።»

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሦስቱንም ወደ ጡቧ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዶኛ ዴልፊና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ናሳሪዮ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ክሎቲልዴ ቆማ ቀረች። ኦፌሊያ የመፈልፈያውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችና እንደተከፈተ ተወችው።

«ነገሩ አደጋ አይደለም» አለች። «ጎጆው የተጠቀጠቀው ዛሬ ነው፤ ቆይቶ ቢሆን ውስጡ ድረስ በጠቆረ። ሽቦው በጉጠት ተቆርጧል። ናሳሪዮ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ሽቦውን ነቅሎ የገዛ አንገቱን ገመድ ውስጥ አያስገባም፤ ሥራው ነው የሚከሰስበት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ናሳሪዮ።

«ገና አልጨረስኩም። ይህን ግድግዳ እንዲህ ያጠቆረው ክሩ ከፍ ብሎ የነደደ ፋኖስ ነው። ሚስቱ ስትገባ ግን ክሩ ዝቅ ብሏል። የሞተ ሰው ክር አያወርድም። በሩም ገርበብ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቷል፤ ጭሱን አስወጥቷል፣ ክሩን ዝቅ አድርጓል፣ አየር እንዲገባ በሩን ከፈት አድርጎ ሄዷል። ለማን ሲል? ለሬሳው አይደለም።»

የሐምሌ ነፋስ በበሩ ገባ። ክሎቲልዴ የምታየው ኦፌሊያን አልነበረም፤ ዓይኗ የተከፈተው ሳጥን ላይ ተተክሏል።

«እንቁላሎቹ በሕይወት አሉ። ጭሱ ሲሞላ እዚህ ቢሆኑ ኖሮ ከሰውየው ቀድመው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ አልነበሩም። አንድ ሰው ዶን ኤቫሪስቶ በወይን ሰክሮ ሲያንኮራፋ አወጣቸው፣ ሙቀት ያለው ቦታ አቆያቸው፣ ሁሉ ሲያበቃ መለሳቸው።» በዝግታ ነው የምትናገረው፤ እንደዚያ መናገር ልማዷ አልነበረም። «ዶኛ ዴልፊና ባሏን ለመግደል ብትፈልግ እንቁላሎቹን አብራ ትገድላቸው ነበር፤ ለአሳማ እደፋቸዋለሁ ብላለች። ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ከምሳ በፊት ሁሉም በመስቀል በኩል ነበሩ። አሁን ሁሉም በክብ በኩል ናቸው። ሰውየው ሞቷል፤ ግን የከሰዓቱ መገልበጥ አልቀረም። ይህን ያደረገው አስቦ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ዶሮ ያረባ እጅ እንቁላል ሲመልስ ይገለብጣል፤ ባለቤቱ ሬሳ ሆኖ አጠገቡ ቢተኛም። እኔ…»

«በሩን ዝጉት!» አለች ክሎቲልዴ። ማንም ሳይቀድማት ሁለት ርምጃ ተራምዳ የመፈልፈያውን በር ዘጋችው። እጇን ከመስታወቱ ላይ አላነሣችም። «ብርድ ገብቶባቸዋል።»

ሩፊኖ ያን ጊዜ ደረሰ። ነጭ የላባ ብርድ ልብስ በሁለት እጁ ታቅፏል። መሐሉ ላይ ደም የቀላቀለ የአስኳል እድፍ ደርቆበታል፤ ከጨርቁ ጋር የወይራ ቀለም ያለው ቅርፊት ተጣብቋል።

«አልጋዋ ላይ ነው ያገኘሁት አለቃ።»

ኦፌሊያ ባዶውን ቦታ በጣቷ አሳየች። «የጎደለው እሱ ነው።»

ክሎቲልዴ አልካደችም። ፊቷም አልተለወጠም።

«ስመልሳቸው ተሰበረብኝ። ለእሱ አልቅሻለሁ። ለኤቫሪስቶ አላለቀስኩም። ዶሮዎቼ በጆንያ ውስጥ ሆነው ሲቃጠሉ ድምፃቸውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ቆሞ ያይ ነበር። የታመመ አንድም አልነበረም። አውራውንና የተመረጡትን ደብቆ አስቀረ፤ ዛሬ ምሳ ላይ ጋብዞ አሳየኝ።»

«ለምን ሰርቀው ብቻ አልሄዱም?» አለች ኦፌሊያ።

«ብሰርቃቸው ሌባዋ እኔ ነኝ። እሱ ቢሞት ግን ዴልፊና መንጋውን ትሸጠዋለች፤ ዶሮ ትጠላለች። በአደባባይ ገዝቼ በአያቴ ስም ላስጠራው ነበር። የኤበርሌ ዶሮ። የፈለግሁት ይኸው ነው።» ወደ ባልቴቷ ዞረች። «ዴልፊና፣ እኔን የፈለጉበት ይውሰዱኝ። እንቁላሎቹን ግን ለአሳማ አትድፊያቸው። እለምንሻለሁ።»

ዶኛ ዴልፊና ከበርጩማው ተነሣች። እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ባሌን አልወደውም ነበር» አለች። «ዘራፊ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን የኔ ነበር። አንቺ እኔ ካበሰልኩት ምሳ ተነሥተሽ፣ እኔ በቀዳሁት ወይን በተኛበት ገደልሽብኝ።»

«ምን ልበልሽ።»

«ምንም አትበዪ። አልደፋቸውም።»

የክሎቲልዴ ትከሻ ዘና አለ። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አስፈለፍላቸዋለሁ» አለች ዶኛ ዴልፊና። «እያስነጠሰኝ አሳድጋቸዋለሁ። በዓውደ ርዕዩ ላይ የኬስለር ዶሮ ብዬ አቆማቸዋለሁ፤ የእሱን ፎቶግራፍ በላያቸው እሰቅላለሁ። የሚገዛኝ ሁሉ የኬስለር ዶሮ ብሎ ይገዛል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ ይጠራዋል። ኤበርሌ የሚል ስም የሚያስታውስ አይኖርም። አንቺ እስር ቤት ሆነሽ ትሰሚዋለሽ፤ ሰው እየላክሁ አስነግርሻለሁ።»

ክሎቲልዴ ጮኸች። ሰው መግደሏን ስትናገር ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ አሁን ተሰነጠቀ።

«ስበሪያቸው! ዴልፊና፣ ስበሪያቸው!»

ወደ ሳጥኑ ተወረወረች። ሩፊኖ ብርድ ልብሱን ጥሎ ወገቧን ያዘ፤ ኦፌሊያም ክንዷን ጠምዝዛ ካቴናውን አስገባችላት። ሴትየዋ ቀና ብላ በልመና አየቻት።

«አንቺ ታውቂያለሽ! የማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ! ንገሪያት!»

ኦፌሊያ ታውቃለች። ሕጉ ግን ስለ ነፍስ እንጂ ስለ ዶሮ ስም አልጻፈም፤ መንጋውም የወራሿ ነው። «ውሰዳት» አለችው ሩፊኖን።

ጩኸቱ በጓሮው በኩል እየራቀ ሄደ። ናሳሪዮ ባርኔጣውን ደፍቶ በቀስታ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ዶኛ ዴልፊና ጠራችው።

«ናሳሪዮ፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ሌላ መሥራት ትችላለህ?»

«እችላለሁ ዶኛ ዴልፊና… ለምንዎ ነው?»

«ይሄ አንዱ አይበቃኝም» አለችው።