ቀይ ኮከብ ያለባት ሳጥን

የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ልጅ በስሟ ከሚጠራት ይልቅ «ማስታወሻ» የሚላት ይበዛ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያች ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጣ የታካሚ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ፣ አንድ ጊዜ ያየችውን ፊትና የካርድ ቁጥር አትረሳም። «ቁጥሬ ጠፋብኝ» ሊል የመጣ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ካርዱን ይዛለት ከተፍ ትላለች። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ዓይናቸው ደከም ብሏልና፣ «አንቺ ባትኖሪ እኔ ይሄኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር» ይሏታል።

ማስታወሻ ግን ለማንም ያልነገረችው ጉዳይ ነበራት። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሰው ሲወጣ እሷ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ትቀርና፣ አንድ ማጠፊያው በተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ፕሮግራም መጻፍ ትማራለች። ሁለት ዓመት ሆናት። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሏን አባቷ የታመሙ ዓመት ለታናናሾቿ ብላ ትታዋለች፤ ይህን አንስታ አታማርርም። ነገር ግን ፕሮግራም ከሚሠሩ ሰዎች መሃል አንድ ወንበር ኖሯት፣ በዚያ ሥራ መኖር ፈለገች። ምኞቱ ለእሷ የበዛ ስለመሰላት ለእናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው ተባለና ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት አንድ ወጣት ላከ። ቁመተ ረጅም፣ ሲበዛ ቀጭን ነው። የኬብል ጥቅል በትከሻው አንጠልጥሎ ገባና በራሱ ኬብል ተጠልፎ እትዬ እግር ስር ተዘረጋ። እትዬም በዚያው ቅጽበት «ሽቦ» የሚል ስም አወጡለት።

«ሁሉን ያስታውሳሉ የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?» አላት ጉልበቱን እያሸ።

«መውደቅዎን እንኳ አልረሳውም» አለችው።

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እሷም የራሷን ሳቅ እንዳያይባት ቶሎ ብላ ወደ ካርዶቿ ዞረች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። አንዳንዴ እሷ አንብባ ጨርሳም እሱ መጻፍ ይረሳና ዝም ብሎ ያያታል። «ጻፉ እንጂ» ስትለው በድንጋጤ ያልተባለ ነገር ይጽፋል። በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ግን አንድ ስም ላይ ስትደርስ እጁን ያዘችው።

«ይቁሙ! እኚህ ሰውዬ ሁለት ሰው ናቸው።»

«እንዴት ማለት?»

«ስማቸው እስከ አያት አንድ ነው። አንዱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፣ ሌላኛው አትክልት ነጋዴ። ፕሮግራምዎ አንድ ሰው አድርጎ ጠቅልሏቸዋል።»

«የልደት ቀናቸውም እኮ አንድ ነው።»

«ልደቱን የማያውቅ ሰው ሲመጣ እኛ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ነው የምንጽፈው! በዚህ ሆስፒታል የሽማግሌው ግማሽ የተወለደው በአንድ ቀን ነው። ነጋዴው ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። እዚህ የቀረው የሾፌሩ ታሪክ ብቻ ነው፤ ነገ ሐኪም ይህን አይቶ ቢያዝላቸውስ?»

ሽቦ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ፕሮግራሙን የጻፈው እሱ ራሱ ነበር።

«ስምና ልደት ብቻ እንዲያነጻጽር አያድርጉት» አለች ማስታወሻ፣ ሳታስበው። «የድሮውን የካርድ ቁጥር ይጨምሩበት። ካልገጠመ ደግሞ በራሱ ከሚጠቀልል ሠራተኛውን ይጠይቅ።» ከዚያ ምላሷን ነከሰች።

«ይሄን ከየት አመጡት?»

አማራጭ አልነበራትም፤ ያችን ማጠፊያዋ የተሰበረ ላፕቶፕ አወጣች። የፈጠራ ስሞች አስገብታ የእሱን ስህተት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም እዚያው ዓይኑ እያየ ጻፈች። ሽቦ ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ እንደገና አነበበ።

«ማን አስተማረሽ?» አላት። አንቱታው የት እንደገባ ሁለቱም ልብ አላሉም።

«ራሴ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመደርደሪያው ጀርባ ምሳ የሚበሉት ሁለት ሆኑ። እሱ የማታውቀውን ያሳያታል፣ እሷ የእሱን ስህተት ታድናለች፣ ደግሞም ታገኛለች። «ይሄ ኬብል ዘንድሮ ተዘርግቶ አያልቅም እንዴ?» ይላሉ እትዬ ከወዲያ። ፍቅር ይዟቸው ነበር፤ እነሱ ብቻ ነበሩ ስሙን ያልጠሩት።

የሽቦ ድርጅት ፕሮግራሞችን ለደንበኛ ከመሰጠታቸው በፊት የሚፈትሽ ሰው ሲፈልግ ሽቦ እየሮጠ መጣ።

«ላንቺ የተፈጠረ ሥራ ነው!»

«ዲግሪ የለኝማ።»

«አንቺ ብቻ መልሶችሽን ስጪኝ። ዛሬ ነው የሚዘጋው፤ ቅጹን ከቢሮ ሆኜ እልክልሻለሁ።»

ጽፋ ሰጠችው። ዲግሪ በሚለው ፊት «የለኝም» ብላ ጻፈች።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ሥራ አስኪያጇ ፊተ ቆፍጣና ሴት ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሽው የት ነው?» አሏት።

ማስታወሻ ወረቀቱን አየችው። የግድ መሞላት አለበት የምትል ቀይ ኮከብ ካለባት ሳጥን ውስጥ «አዎ፣ ዲግሪ አለኝ» ተብሏል። ማን እንደጻፈው ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

«ዲግሪ የለኝም» አለች። «ይሄን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ግን በስሜ ነው የመጣው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

ስሙን ማውጣት አልፈለገችም። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፉት። «እንዲህ ከሆነማ ልንቀጥል አንችልም» አሏት።

ሽቦ ደረጃው ላይ እየጠበቃት ነበር። ፊቷን ሲያይ ገባው።

«ባዶ ሲሆን ቅጹ አልላክም አለኝ፣ ‹የለኝም› ስልም አልቀበልም አለ። ሰዓቱ ደግሞ…»

«ደውለህ አትነግረኝም?»

«ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነው።»

«ተስፋ የቆረጥክብኝ አንተ ነህ! የለኝም ብዬ አፍሬ አላውቅም ነበር። ዛሬ አሳፈርከኝ።» ትታው ወረደች።

ዘጋችው። ስልክ ቢደውል አታነሳም፣ መልእክቱን አታነብም። በነጋታው በእሱ ፈንታ ሌላ ባለሙያ መጣ። ሽቦ በቃለ መጠይቁ ቀን ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገብቶ ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ ኖሯል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ከሆስፒታሉ ሥራ ተነሳ። እትዬ ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው አልችል አላቸው።

«ወዶሽ እኮ ነው ልጄ።»

«አውቃለሁ እትዬ። እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ናፍቋታል። ካርድ ስታነብ አጠገቧ የሚሳሳት ሰው ማጣቷ ሆድ ያስብሳታል። ግን ላፕቶፑን ምሳ ሰዓት ላይ ከመክፈት አንድ ቀን አልቀረችም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ መስኮቷ ፊት ከተሰለፉት መሃል እኚያ ቆፍጣና ሴት ተራቸውን ጠብቀው ደረሱ።

«ሁለቱን ሽማግሌዎች የለየሻቸው አንቺ ነሽ አሉ» አሏት ሥራ አስኪያጇ። «ፕሮግራሙን የሸጥንባቸውን ሌሎች ሆስፒታሎች ስናጣራ እንደነሱ የተጠቀለለ አርባ አንድ ሰው አገኘን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቅጹ ተቀይሯል። በገዛ እጅሽ ሙዪው። ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ የማንንም ፊት አላይም።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከፈተችው። ቀይዋ ኮከብ የለችም። በቦታው፣ «የተማሩትንና የሠሩትን በራስዎ ቃል ይጻፉ» ይላል።

«ማን ቀየረው?» ብላ ጠየቀች፣ ፈተናውን ልትወስድ በሄደች ዕለት።

«የቀጣነው ልጅ ነዋ» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «ሦስት ሳምንት ሲጨቀጭቀን ከረመ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ቅጹን ጀምሮ እዚያች ሳጥን ላይ ሲደርስ ትቶ እንደወጣ አንድ በአንድ አሳየን። ዝም በል ብንለው ዝም አይልም።»

ማስታወሻ ሁለቱን ቀን ተፈተነች። በሳምንቱ ውጤት ሲነገር የሷ ስም ከላይ ነበር፤ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጣት። ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጥታ በቀጥታ ሽቦ ጠረጴዛ ጋ ሄደች። ሲያያት ተነሳ።

«ኮከቧን አንስተሃል አሉ።»

«መጀመሪያውኑ መልስሽን ከምነካ ጥያቄውን መንካት ነበረብኝ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

አየችው። ከስቷል፤ ቀድሞም የሚከሳ ነገር ያለው ሰው አልነበረም። ቂሟ ሟሟ።

«ከሰኞ ጀምሮ የምትሠራውን ሁሉ የምፈትሸው እኔ ነኝ» አለችው። «አንዲት ስህተት አላልፍህም።»

«አትለፊኝ። ግን እኔና አንቺስ?»

«እወድሃለሁ። ሁለተኛ በኔ ፈንታ መልስ አትስጥ እንጂ። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ አለህ፣ እንደኔው።»

የእሷን ድርጅቱ በሁለተኛው ወር ቋሚ ብሎ አሳጠረላት። የእሱን ግን እሷ አንድ ቀን አልቀነሰችለትም፤ ሦስት ወሩ በሞላ ማግስት እጁን ይዛ እናቷ ቤት አስገባችው። እናትዬው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ወንበር ሰጡት፣ ከዚያ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጎተት አድርገው በጆሮዋ፣

«ዲግሪ አለው?» አሏት።

«አለው እማዬ» አለች ማስታወሻ። «ምን ላድርግ፣ ችዬው እኖራለሁ።»