ከካርዱ ስር የነበረው ካርቶን

ስክሪኑ ላይ ያው መስመር ተመልሶ መጣ፤ ካርዱ አልተገኘም።

«አጥፍተሽ አብሪው» አለች አክስቷ።

ሽቦ የሚሏት ልጅ አጠፋችው። ትንሽ ጠብቃ እንደገና አበራችው። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ ልማዱ ጢጥ ብሎ ነቃ፤ የራሱን ሰማያዊ ገጽ አሳየ፤ ከዚያ ወደ ጥቁሩ ገጽ ሊሻገር ሲል ቀጥ አለ። ካርዱ አልተገኘም።

«አለቀልን» አለች አክስቷ። አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለቻቸው። ሽቦ አክስቷ ስትጮህ ታውቃለች። ስትጮህ ይሻላል።

አክስቷ የትምህርት ቤቱ የብሬል ክፍል ኃላፊ ናት። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፋቸውን የሚያገኙት ከዚህች ጠባብ ክፍል ነው። ሽቦም ከትምህርት በኋላ እየመጣች የምታግዛት እዚሁ ነው፤ ጽሑፍ ታስገባለች፣ ወረቀት ታጎርሳለች፣ የታተመውን ትጠርዛለች። ኮምፒውተሩ ከእሷ በብዙ ዓመት ይበልጣል። ኪቦርዱና ሆዱ አንድ ላይ የተሠራ፣ ድሮ ሰዎች ቤታቸው ከቴሌቪዥን ጋር አያይዘው ይጫወቱበት የነበረ ዓይነት ነው። ነጩ ፕላስቲክ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። የብሬል ማተሚያው ገመድ የሚገባው እሱ ላይ ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደ ነጥብ የሚቀይረው ፕሮግራም ግን የፒሲ ፕሮግራም ስለሆነ አሮጌው ማሽን ብቻውን አያስነሳውም። ስለዚህ አንድ ቴክኒሻን፣ አሁን በሕይወት የሌለ ሰው፣ ሆዱ ውስጥ ካርድ ሰካለት። ካርዱ ራሱን የቻለ ፒሲ ነው፤ ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ፒሲ። አሮጌው ኪቦርዱንና ስክሪኑን ያውሰዋል፣ እሱ ያስባል። አክስቷ «ባልና ሚስት ናቸው፤ በመሀላቸው አትግቡ» ትላለች። ክዳኑን መክፈት ለማንም አይፈቀድም። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ ፕሮግራሙንም ማተሚያውንም እምቢ ብለዋል፤ ተሞክሯል።

ሰኞ የማጠቃለያ ፈተና ነው። የባዮሎጂው መጽሐፍ ግማሹ ገና አልታተመም።

«ትናንት እዚህ ሻይ የደፋው ማነው?» አለች አክስቷ በመጨረሻ።

በሩ ላይ የቆመችው ልጅ መምህር እንደጠየቃት ሁሉ እጇን አወጣች። ራዳር ናት። ዓይኖቿ አያዩም፤ ግን በኮሪደሩ ጫፍ የሚሄደው ሰው የጫማው ክር መፈታቱን ከእርምጃው ታውቃለች። ይህን ስም ያወጣችላት ሽቦ ናት። ራዳር ደግሞ በበቀል፣ ቀጭን ክንዷን ዳብሳ «ሽቦ» አለቻት። ሁለቱም ስሞች ከባለቤቶቻቸው ጋር ተጣብቀው ቀሩ።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ኩባያውን በክርኔ መታሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ ክፍል የሚጠጣ ነገር አይገባም ብዬ ስንቴ ተናገርኩ? አንቺ ብቻ ብትሆኚ አንድ ነገር ነው። ሌሎቹስ ልጆች? በምን ያጥኑ?» አክስቷ ድምጿ ተሰበረባት። «ከእንግዲህ ወረቀትሽን ደጅ ሆነሽ ትቀበያለሽ። እዚህ አትገቢም።»

«እሺ» አለች ራዳር።

ሽቦ መናገር የነበረባት እዚህ ጋ ነው። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። አክስቷ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። «ሌላ ቴክኒሻን ፈልጌ እለምነዋለሁ። ካስፈለገ አዝዬው እመጣለሁ። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው!»

በሩ ተዘጋ። ራዳርም በዱላዋ ወለሉን እየነካካች ወጣች። ገና ከመባሏ ትእዛዙን ጀመረችው።

ሻዩ ሲደፋ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ያየችው ደግሞ ሽቦ ብቻ። ሻዩ ወደ ኮምፒውተሩ አልሄደም። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ያዘነበለ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ወርዶ ወለሉ ላይ ነው የፈሰሰው። ራዳር ይህን ማየት አትችልም። የሰማችው ኩባያው ሲንከባለል ነው። እንዲያውም ሻዩ የእሷ አልነበረም፤ «ደክሞሻል፣ ያዢ» ብላ ለሽቦ ያመጣችላት ነው።

ክዳኑን የከፈተችው ሽቦ ናት። ትናንት፣ አክስቷ ስብሰባ ላይ እያለች፣ ከሻዩ ጥቂት ቀደም ብሎ። ክፋት አልነበረባትም። ማሽኑ ሲሞቅ የሚሸተው አቧራ ሰልችቷት፣ ጠርጋ ልታስደንቃቸው ፈልጋ ነበር። በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታች፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አቧራውን ጠረገች። ከካርዱ ስር አንድ የታጠፈ ካርቶን አገኘች፤ ጠርዙ የጠቆረ፣ አይጥ የጎተተው የሚመስል። ቆሻሻ ነው ብላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ክዳኑን መልሳ ገጠመች። ሞክራ ሳታየው ራዳር ሻዩን ይዛ ገባች፤ ሻዩም ተደፋ፤ አክስቷም መጥታ፣ ማን እንደደፋው ሳትጠይቅ፣ «እስኪደርቅ አይበራ» አለች።

ካርቶኑ ካርዱን ደግፎ ይዞት እንደነበር አሁን ገባት፤ ቅርጫቱን አየችው። ባዶ ነው። ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ሮጠች።

«የብሬል ክፍሉን ወረቀት ነው? ጠዋት አቃጠልኩት እኮ፣ የኔ ልጅ። ምነው? ገንዘብ ነበረው እንዴ?»

«አይ... ካርቶን ነው።»

«ካርቶን?» ሴትዮዋ ሳቀች። «መጋዘን ሙሉ ካርቶን አለልሽ፣ ለካርቶን ነው እንዲህ የምትሮጪው?»

ስትመለስ ተማሪዎቹ ደረጃው ላይ ተኮልኩለዋል። ቡጡ የሚሉት አጭር ልጅ አፉ አያርፍም።

«ራዳር ማሽኑን ሻይ ጋበዘችው አሉ። ስኳር ስንት አደረግሽለት?»

«ሁለት» አለች ራዳር። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ።

ሽቦ አጠገቧ ተቀመጠች። «ላንብብልሽ? ቅዳሜና እሁድን ሙሉ። ሁላችሁም ሰብሰብ በሉና—»

«አቦ ተዪኝ። በጆሮዬ የገባ ነገር ሌላ ጆሮ አለው፤ በዚያ ይወጣል። ካልነካሁት አላውቀውም።» ራዳር መዳፎቿን አፋተገች። «እኔስ ልውደቅ። ቡጡ ግን ባዮሎጂ ይወዳል፤ ሲቀልድ አትዪው፣ ቅድም መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። በእኔ ክርን ነው እንግዲህ።»

«ያንቺ ክርን...» አለች ሽቦ። «ያንቺ ክርን አይደለም ጥፋቱ። ዕድል ነው።»

ዕድል! ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷን ጠላችው።

ተነስታ ወደ ክፍሉ ገባችና በሩን ዘጋች። ሶኬቱን ነቀለች፤ ክዳኑን ከፈተች። ካርዱ ያው ካርድ ነው፤ አረንጓዴ፣ ረጅም፣ በጥቃቅን ጥቁር ሳጥኖች የተሞላ፣ ማታ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ከተማ የሚመስል። ከደብተር ሽፋን ቆርጣ አጠፈችና ከስሩ ሸጎጠችው። አበራችው። አልተገኘም። ሶኬቱን ነቅላ ሌላ እጥፋት ጨመረች። አልተገኘም። ወደ ግራ ገፋችው፤ ወደ ቀኝ ገፋችው። አሁንም አልተገኘም። ወፍራም የካርቶን ቁራጭ በግድ ስትወትፍበት ካርዱ ጎበጠና ቀጭ አለ።

ሰበርኩት ብላ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ይህ ከተሰበረ የትም አይገኝም፤ የሠራው ፋብሪካ ራሱ ከጠፋ ቆይቷል። አክስቷ፣ ቡጡ፣ ሌሎቹም፣ ከዓመት ዓመት የሚመጡትም ሁሉ እዚህች ቀጭ ውስጥ ተሰልፈው ታዩዋት።

«ቅድም የሰማሁት የብሎን ድምፅ ነበር» አለ ከበሩ በኩል የሚመጣ ድምፅ። «አሁን ደግሞ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ምን እየሠራሽ ነው?»

ሽቦ ቀና አለች። ራዳር በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቆማለች፤ አልገባችም።

«ሻዩ ወደ መስኮቱ ነው የፈሰሰው» አለች ሽቦ። ከዚያ የቀረው ሁሉ ሳይጠራ መጣ፤ ብሩሹ፣ ካርቶኑ፣ ቅርጫቱ፣ እሳቱ።

ራዳር ዱላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ታሸዋለች።

«ትናንት ሳለቅስ» አለች በመጨረሻ፣ «ጀርባዬን ስታሺልኝ ነበር። አይደል?»

«አዎ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«ሻዩ እንዳልነካው አውቅ ነበር። ካርቶኑን ግን ገና ዛሬ ነው...»

«አሁን ለምን ነገርሽኝ?»

ሽቦ የተከፈተውን ማሽን አየች። «ስላልተነሳልኝ። ቢነሳልኝ ኖሮ የምነግርሽ አይመስለኝም።»

«ቢያንስ ይሄ ውሸት አይደለም» አለች ራዳር። ፊቷ ግን አልፈታም። ደፉን ተሻገረች፤ ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «ጓደኝነታችንን በኋላ እናየዋለን። ሶኬቱ ተነቅሏል?»

«ተነቅሏል።»

«እንግዲያው እጄን አድርሺኝ።»

ሽቦ ጣቶቿን ይዛ ካርዱ ጠርዝ ላይ አሳረፈቻቸው። የራዳር ጣቶች እንደ ገጽ ያነቡት ጀመር፤ ከዳር ዳር ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ከስሩ ገቡ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ቀጭ ያለው ይሄ የፕላስቲክ ጥርስ ነው፤ ካርዱ ደህና ነው። ግን አዘንብሏል። በዚህ በኩል ገብቷል፣ በወዲያኛው ጫፍ ወጣ ብሏል። አንቺ መሀሉን ነው የምትደግፊው።» ጣቷ ከጥግ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ይጣበቃል።»

«ምን?»

«የቆየ ማጣበቂያ ነው። ትንሽ፣ ባለ አራት ማዕዘን። ካርቶንሽ እዚህ ነበር የሚኖረው።»

ሽቦ ጎንበስ ብላ አየች። ምንም አይታይም፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው። አዲስ ካርቶን ቆረጠች። ራዳር በሁለት ጣቷ መሀል እየያዘች «ወፍራም ነው... አሁን ሳሳ... አንዴ እጠፊው» እያለች ሦስቱን ጣለች። አራተኛውን ራሷ አስገባችውና ካርዱን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ለስለስ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«አብሪው።»

ጢጥ። ሰማያዊው ገጽ። ሽቦ ዓይኗን ጨፈነች፤ ለጊዜው ሁለቱም የማያዩ ሆኑ። ከዚያ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ለአንድ ቀን የጠፋው ድምፅ መጣ፤ የዲስኩ ክርር ክርር፣ ፒሲው ሲነቃ የሚያሰማው።

«ተነሳ!» አለች ራዳር ቀድማ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም አለበት። ሽቦ ፕሮግራሙን ጠራች፤ ምዕራፉን ከፈተች፤ ወረቀት አጎረሰች። ማተሚያው እንደ በረዶ ዝናብ ተንጣጣ። የመጀመሪያው ገጽ ገና ሳይወጣ ራዳር ጣቷን ላከችበት።

«ኩላሊት» ብላ አነበበች። ሳቅ አመለጣት። «በሕይወቴ ለኩላሊት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ሽቦም ሳቀች፤ እንባዋ ከሳቁ ጋር ወረደ።

ራዳር ድንገት አንገቷን ቀና አደረገች። «አክስትሽ። ዋናው በር ጋ ናት። ከባድ ቦርሳ የያዘ ሰው አብሯት አለ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ክዳኑን ቶሎ ግጠሚው። ሻዩ ደረቀ፣ ተነሳ፤ በቃ። ማንም አይጠይቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ደጅ ሆኜ እቀበላለሁ። ምን ይደረጋል። አንቺን ካባረረችሽ ግን እስከ ሰኞ ድረስ ማን ያትምልናል? እኔ አሁንም ተናድጄብሻለሁ፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። ግጠሚው ስልሽ!»

ብሎኖቹ በሽቦ መዳፍ ውስጥ ሞቀዋል። ክዳኑ እግሯ ስር ነው። ሁሉም ነገር ትናንት ከሰዓት ወደነበረበት ለመመለስ የሚፈልገው ጥቂት ዙር ካቻቢቴ ብቻ ነው። እርምጃዎቹ ደረጃውን ጀመሩ፤ አሁን እሷም ትሰማቸዋለች። የአክስቷን ድካም ከኮቴዋ ለየችው።

ወንበሩን ሳበችና የራዳርን ትከሻ ይዛ ከማተሚያው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ራዳር በሹክሹክታ።

ሽቦ ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ክዳኑን አነሳችና በሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት እሱን እንዲያይ። ከዚያ የበሩ እጀታ ሲዞር እያየች፣ እጆቿን ከኋላዋ ሳትደብቅ ቆመች።