የእንግሊዙ ማንገቻ

እኔ እንዲህ ያለ የመንፈስ ወሬ ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሚስቴን ጠይቋት፣ ቦርጬ እስኪንቀጠቀጥ ነው የምስቀው፣ ቦርጭ ደግሞ አላነሰኝም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ላፍቶ ከቤቴ ጓሮ ቆዳ እሰፋለሁ፣ አንድ የቴአትር አዘጋጅ መጥቶ የድሮ እንግሊዝ ወታደር ትጥቅ ሥራልኝ አለ፣ የዛሬ ሦስት መቶ ምናምን ዓመቱን፣ «ልክ እንደነበረው» ብሎ። እኔም ተመራማሪ ሆንኩላችሁ፣ ሦስት ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ተጎልቼ፣ በመዝገበ ቃላት እየዳህኩ ደረስኩበት፣ ከትከሻ የሚወርድ የቆዳ ማንገቻ ነው፣ አሥራ ሁለት የእንጨት ብልቃጥ ተንጠልጥሎበት፣ በያንዳንዱ ውስጥ የአንድ ተኩስ ባሩድ። ወታደሩ ሲራመድ ብልቃጦቹ እየተጋጩ ይንኳኳሉ ይላል መጽሐፉ። ሠርቼ እዚያው መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ያን ሰሞን ሌላም ሸክም ነበረብኝ። የጎረቤቴ የእትዬ አሰለፈች ልጅ ሰለሞን ግንባር ላይ መሞቱ ተሰምቷል፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እናቱ ብቻ አያውቁም። እድሩ መርዶውን ሊያረዳ ሲመክር፣ አንተን ይወዱሃል ተብዬ ተናጋሪ ተደረግኩ። እኔ ግን መጀመሪያ ጾም ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ደም ግፊታቸው፣ ቀጥሎ ዓመት በዓል፣ አምስት ወር አለፈ፣ ባገኘኋቸው ቁጥር ቀልድ ጣል አድርጌ እሾልካለሁ።

ከዚያ ማንገቻው ጀመረ። እመኑኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ንፋስ በሌለበት፣ ቋ ቋ፣ ቋ ቋ፣ እንደሚራመድ ሰው። አይጥ ነው ብዬ ክፍሉን በረበርኩ። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀን ዞሬ ሳየው ማንገቻው ንቅንቅ አይልም፣ ድምፁ ግን ከሚስማሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሚስማሩ ይመላለሳል። በሩን ስከፍት እትዬ አሰለፈች ቆመዋል።

«ተስፋዬ፣ ልጄ አንተ ጋ ሲመላለስ ስሰማው ሦስተኛ ቀኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምን ንገርልኝ አለህ?»

ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። «ሰለሞን የለም፣ እትዬ፤ አምስት ወሩ» አልኩ። የማንገቻው ድምፅ እዚያው ላይ ቆመ። እሳቸው ደጃፌ ላይ ቁጭ አሉ።

«አምስት ወር ሙሉ፣ ለሞተ ልጅ ጠብቅልኝ እያልኩ ስሳል ዝም ብለህ አየኸኝ?»

ማንገቻውን አዘጋጁ ድምፅ የለውም ብሎ መለሰብኝ። እውነቱን ነው፣ ብናራግፈው፣ ብናጋጨው፣ እንጨት ከእንጨት እየተላተመ ጭጭ። እትዬ አሰለፈች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ልጄ ሌላ ነገር አላለህም ወይ ይሉኛል፣ ምንም አላለኝም እላለሁ፣ እውነቴን ነው፣ እሳቸው ግን ዓይን ዓይኔን ሲያዩ ቆይተው፣ ሳያምኑኝ ይሄዳሉ።