ከደመና ወደ አረንጓዴ

ፍላሹ የታጠፈ ወረቀት ውስጥ ነበር። በሚስጥር ስሙ ክር የሚባለው ሰው ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አንሸራተተው።

«ሃያ ቅጂ» አለ። «በሁለቱም ገጽ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጀርባ የቆመው ሽማግሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። ለጎረቤት አጎቱ ነው። በሚስጥሩ ሥራ የሚያዘው እሱ ነው። የሚስጥር ስሙም አጎት። አራት ዓመት በዚህ ዝምድና ኖረዋል። ክር አንዳንዴ እውነት የእናቱ ወንድም እየመሰለው ይዘናጋል።

አጎት ፍላሹን ሰካ። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ።

«ባዶ ነው።»

«አይሆንም። ያልከኝን ነው የገለበጥኩት። የጸሐፊዋ ስክሪን ላይ ያለውን ፎልደር።»

«ምንም የለበትም፣ የእህቴ ልጅ። ሲከፍቱት አይገኝም ይላል።» ፍላሹን ነቅሎ መለሰለት። «ላይ ላሉት ሞክረን አልሆነም እላለሁ። ወደዚያ ቢሮ እንዳትመለስ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ለያዦቹ ሊተላለፍ ነው እኮ።»

«ይተላለፋላ። አንተ ነህ የምታቆመው? ሂድ፣ ተኛ።»

ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ነበር።

ክር ወጣ። አልተኛም።

ዝርዝሩ ላይ ሰባት ሰዎች አሉ። ለዓመታት ከዚያ መሥሪያ ቤት በሚስጥር ወረቀት ሲያወጡ የኖሩ። አንዱ ሌላውን አያውቅም፤ እንዲያ ነው የተሠሩት። እንዳይጠፋፉ የተበጀው ዘዴ ዛሬ እንዳይደራረሱ አደረጋቸው። አሁን ስማቸው በሙሉ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ እጅ ገብቷል። ዝርዝሩን ያላየ ማንንም ማስጠንቀቅ አይችልም።

ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ቀርቶታል።

የቀለም ሳጥኑን አነሳ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እሱ ቀለም ቀያሪ ነው። ፕሪንተር ሲደርቅ ይጠራል፤ ይሞላል፤ ይጠርጋል፤ ይሄዳል። ሰው ፊቱን ሳይሆን የጠቆሩ ጣቶቹን ነው የሚያስታውሰው።

በር ላይ ጥበቃው አገጩን ወደ ሳጥኑ ቀሰረ።

«ትናንት ነበርክ። ዛሬም?»

«ቀለሙ ፈሷል። ካልጠረግኩት ማሽኑን ይበላዋል።»

«አንተ ነህ የምትበላው። ግባ።»

ሦስተኛ ፎቅ። የአለቃው በር ዝግ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ጸሐፊዋ ተቀምጣለች። አርባ የሚሞላት ሴት ናት። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ ነው የምትሠራው። ሁሉም እትዬ ይሏታል። ክር በሁለት ዓመት ውስጥ ስሟን ጠይቆ አያውቅም።

«ቀለሜ መጣ» አለች ቀና ሳትል። «አሁን ደግሞ ምን ልታበላሽ ነው?»

ፕሪንተሩን ከፈተ። ጠረገ። የተጠረገውን ደግሞ ጠረገ። ከዚያ፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። እንዳይስቁብኝ።»

«መጀመሪያ ልስማውና ከዚያ እስቃለሁ።»

«የእህቴን ልጅ ፎቶ ከሰው ኮምፒውተር በፍላሽ ገለበጥኩ። ቤት ስደርስ የለም።»

«ግራ ጥጉ ላይ የታጠፈች ትንሽ ቀስት ነበረችበት?»

«ነበረች።»

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ቀለሜ ስንልህ የተማርክ መስሎኝ ነበር። ቀስቷ ያለችበት ነገሩ አይደለም እኮ። ነገሩ ያለበትን ጠቋሚ ነው። አንተ የቤቱን ቁጥር ጽፈህ ሄደህ፣ ቤቱን ተሸክሜ መጣሁ አልክ።»

ክር አብሯት ሳቀ። ለአጎት ያለውን ግን አስታወሰ። *ያልከኝን ነው የገለበጥኩት።* ትናንት «ስክሪኑ ላይ ያለችውን ውሰድ» ያለው አጎት ነው።

«ና እይ» አለች። ስክሪኑን ወደሱ አዞረች። «ይሄ ደመና ያለበት፣ ስሙ እዚህ ነው፣ ሆዱ እዚህ አይደለም። ከከፈትከው ከላይ ይወርዳል። ሁለት ቀስቶች ክብ ሠርተው ሲዞሩ መንገድ ላይ ነው። አረንጓዴ ራይት ሲመጣ ደረሰ። ቀይ ከሆነ ወድቋል።»

«ይቺ ሰው የምትመስለውስ?»

«የጋራ ነው። ሌላ ሰውም ያየዋል። ማውሱን ብታሳርፍባት እነማን እንደሆኑ ትነግርሃለች።»

በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች በሙሉ ደመና ነበሩ። ክር በጥቁር ጣቱ ጠቆመ።

«እነዚህስ ለምን አልወረዱም?»

«የአለቃ ናቸው። እኔ ጋ ይታያሉ፣ አልከፍታቸውም። ምሳ ሲወጣና ማታ ሲወጣ አጠገቤ ቆሞ ያያቸዋል። ደመና ከሆኑ እጄ አልነካቸውም ማለት ነው።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሌላው ቤት ሰው በፊርማ ይታመናል። እኛ ጋ በደመና።»

«አረንጓዴ ሆኖ ቢያገኘውስ?»

«ገባህ? ድገምልኝ።»

እንደ ተማሪ አስደገመችው። ደመና። ቀስት። አረንጓዴ። አንዷን ሲስት ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች፤ ደብዳቤዎች ሰበሰበች።

«ማህተም ላስመታ ልውረድ። ሃያ ደቂቃ ይወስድብኛል። ማሽኑን ሳትጨርስ እንዳትሄድ።»

ኮምፒውተሩን ሳትዘጋው ሄደች።

ክር ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ገና ይሞቅ ነበር።

ከፋይሎቹ አንዱ የዛሬውን ቀን ይዟል። ደመና አለበት። ከጎኑ ትንሿ ሰው።

ቢከፍተው ምን እንደሚሆን ያውቃል። አሁን ነግራዋለች። ሁለት ጊዜ።

ከፈተው።

ቀስቶቹ መዞር ጀመሩ።

መስመሩ ቀርፋፋ ነው። ክር የሰለጠነባቸው ነገሮች ሁሉ፣ ቁልፍ መክፈት፣ ክትትል ማምለጥ፣ ሳይታዩ መቀባበል፣ እዚህ ላይ አንዳቸውም አይሠሩም። ቀስት አይገፋም። ቀስት አይለመንም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልጅ እያለ ዝናብ እስኪያባራ በር ላይ እንደሚቀመጠው፣ ተቀምጦ አያቸው።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ።

ቀስቶቹ ዞሩ።

ኮቴው አለፈ።

አረንጓዴ።

ሰባት መስመር። ስምና ስልክ። የስድስቱን ስም አያውቀውም። ሰባተኛውን ያውቀዋል።

የራሱ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል።

ማውሱን ትንሿ ሰው ላይ አሳረፈ። ሁለት የኢሜይል አድራሻ ብቅ አለ። አንዱ የአለቃው ነው። ሁለተኛውን በየቀኑ ያነበዋል፤ ከፎቶኮፒ ቤቱ በር በላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል።

አጎት።

አራት ዓመት «የእህቴ ልጅ» ሲለው የነበረ ሰው። ዝርዝሩን ራሱ ጽፎ ሰጥቷል። ላይ ያሉት አምጣ ስላሉት ክርን ላከ፤ ባዶ እጁን እንዲመለስ ግን ቀስቷን አሳየው።

ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም። ለፕሪንተሩ ሙከራ ስድስት የተዥጎረጎረ ገጽ አተመ፤ በመካከል ሰባተኛ አድርጎ ዝርዝሩን። የሙከራ ወረቀት ማንም አያይም። ገጹን አጣጥፎ በባዶው የቀለም ዕቃ ሆድ ውስጥ ከተተው።

ፋይሉን ዘጋ።

አረንጓዴው እዚያው ነበር።

ደግሞ ጠቅ አደረገ። አረንጓዴ። የመስመሩን ገመድ ነቀለ። አረንጓዴ። መልሶ ሰካው። የሚያውቀው አለቀ። ከደመና ወደ አረንጓዴ የሚወስደውን ተምሯል፤ መመለሻውን አልጠየቃትም።

ደረጃው ላይ ድምፅ ተሰማ። የእሷና የአለቃው።

ክር ፕሪንተሩ ሥር ተንበረከከ።

ታች ስብሰባ ላይ የነበረው አለቃ ኮቱን እየቆለፈ ገባ። ጊዜው ገና ነው፤ ዛሬ ቀድሞ ነው ምሳ የሚወጣው። እንደ ልማዱ ጠረጴዛዋ ጎን ቆሞ ጎንበስ አለ።

ቀና አላለም።

«ይሄን ማን ከፈተው?»

ጸሐፊዋ ስክሪኑን አየች። ቀጥሎ ክርን። እይታዋ ረጅም አልነበረም።

«እኔ።»

«ይሄስ ሰውዬ?»

«እሱ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የጠዋቱ ፌዝ ነበረ። «እሱማ ቀስትና ፋይል አይለይም። ዛሬ ጠዋት ነው ያስተማርኩት። ይሂድልን፣ ምንጣፉን በቀለም ሊጨርሰው ነው።»

ክር «እኔ ነኝ» ሊል ነበር። ቢናገረው ወረቀቱ ይገኛል። ወረቀቱ ከተገኘ የማያውቃቸው ሰዎች ምሳቸውን ሳይጨርሱ ይያዛሉ። የቀለም ሳጥኑን ዘጋ።

«ውጣ» አለው አለቃው። ወደሷ ዞረ። «ለማን እንደሰጠሽው እስክትነግሪኝ ዝርዝሩ አይተላለፍም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አወለቀች።

ገና ብዙ እንደምትቆይ ሰው።

ክር ሳጥኑን ተሸክሞ ደረጃውን በእርጋታ ወረደ። እሷ ዝም ባለች ቁጥር ጊዜ ይገኛል። እያንዳንዷ ደቂቃ ከማን እንደምትከፈል ያውቃል።

«ጨረስክ?» አለው ጥበቃው።

«ጨረስኩ።»

ፎቶኮፒ ቤቱ ባለበት መንገድ አልሄደም። በየሱቁ ስልክ እየለመነ ደወለ። በአንድ ስልክ አንድ ሰው ብቻ።

«ስምህ ወጥቷል። አሁኑኑ ከዚያ ጥፋ።»

አንደኛው ምንም ሳይል ዘጋ።

ሁለተኛዋ «ወጥ ጥጄ» አለች። «ይረር» አላት። እሳቱን ስታጠፋ ተሰማው።

ሦስተኛው «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። «ማንም።» አራተኛው አመሰገነው፤ ይሄኛው ከሁሉ ከበደው። አምስተኛው እየሮጠ ይመስላል፤ ትንፋሹ ብቻ ነበር።

ስድስተኛው ስልክ ረጅም ጠራ። አሮጊት ሴት አነሡት።

«ልጄን ነው? ሥራ ላይ ናት።»

«የት ነው የምትሠራው፣ እማማ?»

«ቢሮ ነዋ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጉልበቷን ጨርሶታል። አለቃዋ ያለሷ አንድ ደብዳቤ አይጽፍም። እግሯ ስለሚያብጥ ጫማ አይመቻት፣ እሱን ብትመክሯት...»

ክር ግድግዳውን ተደገፈ።

ወረቀቱን ዘርግቶ ስድስተኛውን መስመር ደግሞ አነበበ። ስሟ ይሄ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እትዬ ሲል የኖረው። ቀስ ብላ ያስረዳችው፣ ያስደገመችው፣ ኮምፒውተሩን ሳትዘጋ የወረደችው። ክር ማን እንደሆነ ገምታለች። የራሷ ስም በዚያ ደመና ውስጥ መኖሩን ግን አልከፈተችውምና አታውቅም። አለቃው ሆን ብሎ አጠገቧ አስቀምጦታል፤ ትነካው እንደሆነ ሊያይ።

የነካው እሱ ነው።

«እማማ፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ። ዘመድ ጋ ይሂዱ።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ብቻ ይውጡ።»

«እሷ ሳትመጣ የት እሄዳለሁ፣ ልጄ? ቁልፍ እኮ አልያዘችም። እኔ ነኝ የምከፍትላት።»

አሮጊቷ «አለህ?» አሉ። «አለህ?»

ስልኩን ለባለሱቋ መለሰላት።

«አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው።»

ሳጥኑን ቆሻሻ መጣያው ጎን ተወው። ወረቀቱን በትንሽ በትንሹ ቀዳዶ በየቦዩ ጣለው፤ ሰባተኛውን ስም በመጨረሻ። የሚሞላ አውቶቡስ አየና ገባ።

«ወዴት ነህ?» አለው ትኬት ቆራጩ።

«መጨረሻው።»

አንዲት ሴት ዘንቢል ታቅፋ ከጎኑ መጣች። «ወንድሜ፣ ጠጋ በልልኝ።»

ጠጋ አለ። የጠቆሩ ጣቶቹን ብብቱ ሥር ደበቀ። አውቶቡሱ ተነሣ።