ማባዛት የማይችለው ፕሮሰሰር

«አክስቴ፣ የጫማሽ ቁጥር ስንት ነው?»

አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ሠላሳ ዘጠኝ። ምነው፣ ልትገዢልኝ ነው?» አለች።

«ለፕሮሰሰራችን ነው።»

«እሱም ጫማ ማድረግ ጀመረ?»

ብሎን በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ብሎን የተባለው መፍቻ ከእጁ ስለማይለይ ነው። የጫማ ቁጥር የጠየቀችው ጓደኛው ደግሞ ያለ ጉራ አፏን ስለማትከፍት ክፍሉ በሙሉ «መድፍ» ይላታል።

መድፍ ሠላሳ ዘጠኝን ጻፈች። ሁለቱ፣ ማንም እንዲጠቀምበት ከተለቀቀ ንድፍ ተነስተው ትንሽ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል ማለት ነው፣ ሠርተዋል። ንድፉን መዳፍ በምታህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚደለድለው ሶፍትዌርም የነፃ ነው። የነፃ ነገር ደግሞ ዐመል አያጣም። መጀመሪያ «መነሻ ቁጥር ስጡኝ» ይላል። ቁጥሩ ሲቀየር ድልድሉም ይቀየራል፤ አንዳንዴ መስመሩን ያሳጥራል፣ አንዳንዴ ጎረቤት ሰላም ለማለት ከተማውን ሙሉ ያዞረዋል። መስመሩ ሲረዝም ፕሮሰሰሩ ይንቀረፈፋል። የሚሸጠው ሶፍትዌር የተሻለ ይደለድላል አሉ፤ ዋጋው ግን ትምህርት ቤቱን ከነጣሪያው ያሸጣል።

ነገ የትምህርት ቤቱ ዐውደ ርዕይ ነው። ስክሪኑ ላይ ኳስ ለማንጠር ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ ሃያ አምስት ሚሊዮን ጊዜ እንደ ልብ መምታት አለበት፤ ካነሰ ምስሉ አይመጣም። መድፍ ደግሞ «ኳሷን በዐይኑ የተከተላት ሰው ይሸለማል!» ብላ ያልነገረችው ፍጡር የለም።

ሠላሳ ዘጠኝ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶ ሃያ ሁለት ሚሊዮን አመጣ። የአባቷ አውቶቡስ ታርጋ ሃያ ሰጠ። የብሎን አያት ዕድሜ ደግሞ ሃያ አራት ሰጠ!

«እኒህ ሴትዮ ጀግና ናቸው» አለች መድፍ። «ልደታቸውን ዛሬ አናከብርላቸውም?»

ብሎን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ የወንድሜን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ሥር እንደብቅ። ኳሷን እሱ ያንጥራት። ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?»

መድፍ ወደ አክስቷ ዞረች።

«አክስቴ፣ ጨርቅ ሲያጥርሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ኪሱን እተወዋለኋ! ኪስ የሌለው ቀሚስ ቀሚስ አይደለም እንዴ?»

መድፍ ንድፉን ከፈተች። ሰፊውን ቦታ ይዞ የተንሰራፋው፣ መስመሩንም ያስረዘመው ማባዣው ነው። ነቅላ ጣለችው።

«አበድሽ? በምን ሊያባዛ ነው?»

«እየደጋገመ ይደምራ! እኔስ ሦስተኛ ክፍልን በምን ያለፍኩ መሰለህ?»

በአያትየዋ ዕድሜ እንደገና አስነሱት። ግማሽ ሰዓት ጥፍር ሲበላ ቆየ። ሃያ ስምንት!

ብሎን ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አክስቷ ነገሩ ባይገባትም አጨበጨበች። ኳሷም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፣ ነጠረችም፤ ግን ፕሮሰሰሩ ደምሮ እስኪጨርስ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ በየመሀሉ እያረፈች። ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ።

ስልክ ጮኸ። የፊዚክስ አስተማሪያቸው ናቸው። «መግለጫችሁን ላሳትም ነው። ‹እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰር› ልበል?»

ብሎን በጣቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር እያመለከተ፣ በከንፈሩ ብቻ «ላፕቶፑ!» አላት።

መድፍ ኳሷን አየቻት። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት።

«አይ ቲቸር፣ ‹ቀርፋፋ› ይበሉት። ማባዛትም አይችልም» አለች። «ደግሞ ማየት የሚፈልግ ወንበር ይዞ ይምጣ።»