የአንበሳው አፍ

ልብስ ሰፊው ተመልሶ የሞተው አንበሳ ለብሶ ነው።

አስመራ፣ ጥራቮሎ ሰፈር ባለው መስፊያ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ እንደ ተደፋ ተገኘ፤ ከአንገቱ በላይ ጎፈሬው የተንጨበረረ ትልቅ የአንበሳ ጭንቅላት፣ ከአንገቱ በታች ቢጫ ጠጉራም ልብስ። ተመልሶ ለበዓል፣ ለቲያትርና ለማስታወቂያ ሰው የሚለብሳቸውን አውሬዎችና አሻንጉሊቶች ከራሱ እያፈለቀ የሚሰፋ ባለሙያ ነበር። ይህን አንበሳ ያዘዘው አንድ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ነው። በንግድ ትርዒቱ ላይ ከአዲስ አበባ በሚመጡት ሹማምንት ፊት እየዘለለ ጠርሙስ ሊያድልለት።

«ሙቀት ነው የገደለው» አለ አስር አለቃ ሐጎስ፤ ሥራውን በጠዋት የጨረሰ መስሎት።

መርማሪው ሻምበል ኪዳኑ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ቀጭንና ትዕግሥት የለሽ ሰው ነው፤ ሞኝነትን ሲሰማ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያኮሳትራል።

«በአስመራ ክረምት? የልብሱ ማሰሪያ ከጀርባ ነው። በል ና፣ ይህን መዳፍ አጥልቀውና ቀበቶህን ከጀርባህ እሰር።»

ሐጎስ አጠለቀው። መዳፉ ጣት የለውም፤ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ድፍን ነው። ሞከረ፣ አላበው፣ ተወው።

«ስለዚህ ያሰረለት ሰው አለ» አለ ኪዳኑ። «ያሰረለት ሰው ግን አልፈታለትም።»

ከዚያ በተከፈተው የአንበሳ አፍ ውስጥ ተመለከተ። የለበሰው ሰው የሚተነፍሰው ከጥርሶቹ ኋላ በተሰፋ ስስ ጥቁር ጨርቅ በኩል ነው። ጨርቁ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ተተርትሯል። የምላሱ ቀይ ቀለም ሳይደርቅ ተሻሽቷል፤ በላዩም ግራጫ የሱፍ ክሮች ተጣብቀዋል።

«ልጅቷን ይዣታለሁ» አለ ሐጎስ። «ቁልፉ ከእሷ ጋር ነው። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት።»

«ጎበዝ! ሞተ ብላ ስለ ነገረችህ አሰርካት። ብትደብቅህ ኖሮ ትሸልማት ነበር ማለት ነው።»

ፍረወይኒ የተመልሶ የስፌት ባልደረባ ናት። በፖሊሶቹ መኪና ውስጥ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«ትናንት ማን ማን ነበራችሁ?» አላት ኪዳኑ።

«እኔና ኣያ ተመልሶ። በርሄም ነበር፤ የፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ነው፣ አንበሳውን የሚለብሰው እሱ ነበር። ለብሶ ሁለቴ እንደ ዘለለ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ። የአንበሳው አፍ ፋብሪካው ባጸደቀው ሥዕል እንዳለው ተዘግቶ ነበራ።»

«ተጣሉ?»

«እወ፣ በርሄ ሰደበው። ‹ልትገድለኝ ነው› አለው። ኣያ ተመልሶ ግን ስቆ፣ ‹ሂዱ፣ አፉን እኔ ከፍቼ ምላስ አበጅለታለሁ› አለን። አብረን ወጣን።» ነጠላዋን ጨበጠች። «ሻምበል፣ እኔ ሥራ የተማርኩት ከእሱ ነው። እንዴት እኔ…»

«ሌላ የተጣላው ሰውስ?»

«የፋብሪካው ማስታወቂያ ሹም፣ አቶ ፍስሃየ። የአንበሳውን ሐሳብ ‹የእኔ ነው› ብሎ ለአዲስ አበባ ሰዎች ነግሮ፣ ሊሾሙት ነው አሉ። ኣያ ተመልሶ፣ ‹በትርዒቱ ቀን እዚያው ፊታቸው የማን እንደሆነ እናገራለሁ› ይል ነበር።»

በርሄ ፌርማታው አጠገብ ካለው ሻሂ ቤት ተጠርቶ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ሰድቤዋለሁ፣ አልክድም» አለ። «ከዚያ ፍረወይኒን ሸኝቼ ሰምበል ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ለመሆኑ አቶ ፍስሃየን ጠየቃችሁት? ወይስ ካፖርት የለበሰ ሰው አይጠየቅም? ምጽዋ ስንወርድ እንኳ ያንን ግራጫ ካፖርቱን አያወልቅም።»

ፍስሃየ ቢሮው ውስጥ በስስ ሸሚዝና በክራቫት ተቀምጦ እጁን ያፋትግ ነበር። ትግርኛ የአፍ መፍቻው ሳለ ከኪዳኑ ጋር አማርኛ ብቻ ካልሆነ አልናገርም የሚል ሰው ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ከሰው ፊት እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጫታል።

«ክቡር ሻምበል፣ ስለ አንድ ጨርቅ ሰፊ ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋልን?»

«ሰው ነው የሞተው።»

«ያሳዝናል። ዳሩ ግን ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ የእሱ እጁ ብቻ ነው።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አሳየው። ከንፈሩን የገጠመ፣ የተከበረ አንበሳ ነው።

«የተሰፋውን አይተውታል?»

«እኔ? እዚያ ጉሮኖ ድረስ? ሰውየውንም ካየሁት ሰንብቻለሁ። ብቻ ያን የመሰለ ግርማ አበላሸው። አንበሳን ያህል ነገር ቀይ ምላሱን ጎልጉሎ እንደ ተራበ ውሻ እንዲያዛጋ ማድረግ! ለመኳንንት የሚቀርብ ነው ይሄ?»

ኪዳኑ ሥዕሉን ደግሞ አየ። ከሥዕሉ ወደ ፍስሃየ ስስ ሸሚዝ ዞረ።

«የበረደዎት ይመስላል» አለው።

«ካፖርቴን ለእጥበት ሰጥቼው ነው።»

«የት?»

ፍስሃየ ከት ብሎ ሳቀ። «ልብስ የሚያሳጥቡበት ቦታ ፈልገው ነው?» ብሎ የሚታጠብበትን ቤት ስም ነገረው። ፖሊስ ልብስ አጣቢ ቤት ድረስ ይሄዳል ብሎ አላሰበም፤ እሱ ራሱ አይሄድምና።

ከሰዓት በኋላ ፍረወይኒ፣ በርሄና ፍስሃየ ሦስቱም መስፊያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአንበሳው ጭንቅላት ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ተመልሶን ያፈነው ሰው አስቀድሞ ልብሱን አስሮለታል» አለ ኪዳኑ። «ሥራውን የሚወድ ሰው ‹እስቲ ለብሰህ አሳየኝ› ቢሉት እንቢ አይልም። ከታሰረ በኋላ በእነዚያ መዳፎች ራሱን ሊያስጥል አይችልም። የመተንፈሻው አፍም በወፍራም ሱፍ ተደፈነ።»

«እሷ ቁልፍ አላት!» አለ ፍስሃየ።

«እሱ ራሱ በሩን ለሚከፍትለት ሰው ቁልፍ ምን ያደርጋል? አሁን ይስሙኝ። ፍረወይኒና በርሄ ሲሄዱ የአንበሳው አፍ ዝግ ነበር። ተመልሶ የከፈተው ከእነሱ በኋላ ነው። ጠዋት ያየነው እሷና ፖሊሶች ብቻ ነን፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ከእኛ አልተለየችም። በእርስዎ ግድግዳ ላይ ያለው አንበሳ ከንፈሩን ገጥሟል። ታዲያ እርስዎ ያልሄዱበት ቤት ያለ አንበሳ ማዛጋቱን፣ ምላሱም ቀይ መሆኑን በምን አወቁ?»

ፍስሃየ አፉን ከፈተ።

«ሰው… ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ማን? ሬሳው?»

ሐጎስ አንድ ግራጫ ካፖርት ይዞ ገባ፤ ውሃ ገና አልነካውም። ደረቱና እጅጌው ላይ ቀይ ቀለም ተለጥፏል። ኪዳኑ ነጩን ጨርቅ ገለጠ፤ የካፖርቱን ክር በምላሱ ላይ ካሉት ክሮች ጎን አኖረ።

ፍረወይኒ ብድግ አለች። «እንዴት አስቻለህ? እየሳቀ ነው የለበሰልህ፣ አውቀዋለሁ! ‹እንዴት ነው፣ ያምራል?› ብሎሃል!»

«አፉን እንዲዘጋ ለምኜው ነበር» አለ ፍስሃየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትግርኛ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አማርኛው ተመለሰ። «ለአንድ ጨርቅ ሰፊ ብላችሁ እኔን ታዋርዱኛላችሁ? ከአዲስ አበባ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ!»

«ይጠይቁዎት» አለ ኪዳኑ። «አንድ ሐሳብ እንኳ ከራስዎ አውጥተው ያስረዷቸው። ሰውን ማፈኛውን እንኳ ያበጀልዎ እሱ ነው።»

ሐጎስ እጁን አሰረው። ውጭ የሰፈሩ ሰው፣ የፋብሪካው ሠራተኞችም ጭምር፣ ዝናቡን ሳይፈሩ መንገዱን ሞልተው ቆመዋል። ፍስሃየ በመስኮቱ አያቸው።

«ሻምበል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በጓሮ በኩል ብንወጣ? እነዚህ እኮ የእኔ ሠራተኞች ናቸው።»

ኪዳኑ የፊቱን በር በሁለት እጁ ወለል አድርጎ ከፈተው።