መከታ ዝም ሲል

ከተጠቀለለው አሮጌ ጋቢ ውስጥ ስልኩ የሕፃን ጩኸት ማሰማት ሲጀምር መከታ አልጮኸም። እየሩስን ያስደነገጣትም ዝምታው ነው። ውሻው ጆሮዎቹን ቀጥ አደረገ፣ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ከዚያ ተወርውሮ ጋቢውን በጥርሱ ያዘና ግራና ቀኝ አራገፈው።

«ኧረ ስልኬን!» ጓደኛዋ ፀደይ ዘላ የድንጋይ አጥሩ ላይ ወጣች።

«መከታ! ተው! ተው አልኩህ!»

እየሩስ ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ጎተተች። መከታ ጋቢውን ለቀቀና ቀና ብሎ አያት። ጅራቱን ይቆላል። «ጎሽ» እንድትለው ነበር የሚጠብቀው።

ጋቢው አራት ቦታ ተበስቷል። ስልኩ ውስጥ ያለው የፀደይ እህት ልጅ አሁንም ይጮኻል። ፀደይ ከአጥሩ ወርዳ አጠፋችው።

የእየሩስ እናት አገሬ ከወለደች ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። በኦፕራሲዮን ስለወለደች ከሆስፒታል የምትወጣው ነገ ጠዋት ነው። እየሩስ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ስታለማምደው የከረመችው ይህንኑ ውሻ ነው። ደጃፉን እንዳያልፍ አስለምዳዋለች። «ተኛ» ስትለው ጆንያው ላይ ይተኛል። ዕቃ የተሸከመ ሰው ላይ መንጠላጠሉንም ትቷል። የቀረው የሕፃን ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱን ፀደይ ቀድታ ያመጣችላት ገና ዛሬ ነው።

«ምን ነካው?» አለች ፀደይ።

«ሽኮኮ መስሎት ነው።»

ከቤታቸው በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ገደል ሥር፣ ትንሽ የባቄላ ማሳ አለቻቸው። አምና ሽኮኮ ባቄላውን ሲጨርሰው መከታን አደን ያስተማረችው ራሷ እየሩስ ናት። «ያዝ!» ትለዋለች፣ ይይዛል። የተያዘ ሽኮኮ ደግሞ ልክ እንደ ሕፃን ነው የሚጮኸው። መከታ ጩኸቱ እስኪጠፋ ድረስ ያራግፈዋል። ያኔ እየሩስ አጨብጭባ ትልቅ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ጎረቤት ሁሉ ጀግና ይሉት ነበር፤ እሷም ኮርታ ነበር።

«አታካብጂው፣ በናትሽ» አለች ፀደይ። «ጋቢ ነው የነከሰ፤ ሰው አልነከሰ። ማን አየ? እኔ እንደሆንኩ ትንፍሽ አልልም።»

«አባባ ቢጠይቁኝስ?»

«ለምዷል በያቸው፣ አለቀ! አለዚያ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አባቷ ገና ድሮ ነው የተናገሩት፦ ካልለመደ ወደ ገነተ ማርያም፣ አጎቷ ሰውአገኝ ዘንድ ይሄዳል። የአጎቷ ቤት ጫካ ዳር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ውሻ ነብር በልቶባቸዋል። መከታን ደግሞ እናቱ መኪና ገጭቷት ስትሞትበት በስኒ ወተት እያጠጣች ያሳደገችው እየሩስ ናት።

ማታ አባቷ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ዳዊታቸውንና ትርፍ ነጠላቸውን ሲሸክፉ አገኘቻቸው። ቀዳሽ ስለሆኑ አራስ ቤት አይገቡም። ሕፃኗ ሴት ስለሆነች እስከ ክርስትናዋ፣ እስከ ሰማንያኛው ቀን ድረስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለችው ጎጆ ሊያድሩ ነው።

«እንግዲህ ሦስት ሴቶች ብቻችሁን ናችሁ፤ አንቺ፣ እናትሽና ያቺ ትንሿ» አሉ። «መከታ ቢኖርልኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ግን አንቺ የምትይውን ነው የማምነው፣ ልጄ። ለመደ?»

እየሩስ በልቧ አሰበች፦ ነገ ትነግራቸዋለች፤ ወይም ደግሞ በሰንሰለት ታስረዋለች፤ ወይም ምንም አይፈጠርም።

«ለምዷል፣ አባባ።»

«ጎሽ! ተባረኪ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

በማግስቱ ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከመንገዱ ማዶ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። አገሬ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ በዝግታ ወረደች። ሕፃኗን ያቀፉት የእየሩስ አክስት ባንቺዓለም ናቸው። ጎረቤቶች ተሰብስበው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። አገሬ ደጃፉ ላይ በተዘጋጀላት ወንበር ተቀመጠችና ልጇን ጭኗ ላይ ተቀበለች። ያለ ደጋፊ ከዚያ ወንበር መነሳት አትችልም።

አክስቷ ባንቺዓለም እልልታውን ሦስት ጊዜ አቀለጡት። ሕፃኗ ደንግጣ ነቃችና ጮኸች።

መከታ ወይራው ሥር ታስሯል። አልጮኸም።

«እዩት እስቲ ጨዋነቱን!» አለች አንዷ ጎረቤት። «የኛ ቢሆን ይኼኔ አገር ይያዝልኝ ብሎ ነበር።»

«እየሩስ ናታ ያስተማረችው!» አሉ አክስቷ። «ፍቺው እንጂ፣ የኔ ልጅ! ያሽትታትና ይላመዳት።»

እየሩስ ወደ ወይራው ሄደች። የመከታ ጆሮ ቀጥ ብሏል። ሆዱ መሬቱን ነክቷል። አንድ ጊዜ ሕፃኗን፣ አንድ ጊዜ እሷን ያያል። ከሰው ሁሉ መሀል ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ማዶ የቆሙት አባቷ ደግሞ ፈገግ ብለው «ፍቺው» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። በእሷ ቃል አምነው ነው።

«አልፈታውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልፈታውም! አልለመደም። ትናንት ለአባባ ዋሽቻቸው ነው።» ወደ አጥሩ፣ ጋቢው ወደተሰቀለበት አመለከተች። «የሕፃን ድምፅ ሲሰማ ሽኮኮ ይመስለዋል። ጋቢውን እዩት፣ ምን እንዳደረገው።»

«በስመ አብ!» አሉ አክስቷ። አገሬ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ለጠፈቻት። እየሩስን ከምንም በላይ ያመማት ይኼ ነው።

ሰንሰለቱን ከወይራው ፈትታ እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችና መከታን እየጎተተች ከግቢ ወጣች። አባቷ ፊት ስትደርስ ቀና ማለት አቃታት።

«ሽኮኮ መያዙን ማን አስተማረው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ።»

ሰንሰለቱን አጥብቃ ያዘች።

«ገነተ ማርያም እኔው ላድርሰው፣ አባባ። አሁኑኑ። ግን ቤቱስ? ማን ይጠብቀናል?»

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ወደ ግቢው አዩ፣ ከዚያ ወደ ድንጋይ አጥሩ። «አራስ ቤት መግባት እንጂ አጥር ሥር ማደር ማን ከለከለኝ? አንድ ጋቢ ብትጨምሩልኝ ይበቃኛል» አሉ። «ለመንገድ ዳቦ ያዢ። ብቻሽን አትሄጂም፤ አብሬሽ ነኝ።»

እየሩስ ሰንሰለቱን ለአባቷ አስይዛ ዳቦውን ስታመጣ የተበሳውንም ጋቢ ከአጥሩ ላይ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለች። አባቷ አዩት።

«እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ባለማምደውስ? እስከ ክርስትናዋ ገና ከሰባ ቀን በላይ አለ።»

«ከዚያ ስጠይቅሽስ?»

«ካልለመደ አልለመደም እልዎታለሁ።»

አባቷ ሰንሰለቱን መለሱላትና መቋሚያቸውን አንስተው ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ።

አጥሩን ሲያልፉ ሕፃኗ እንደገና ጮኸች። መከታ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮውን አቀና፣ ከዚያ ገደሉ ሥር እንደሚያደርገው ሁሉ ቀና ብሎ እየሩስን አያት። ቃሏን ይጠብቃል።

«አይደለም» አለችው። «እህታችን ናት።»

ሰንሰለቱን እጇ ላይ አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችና መንገዷን ቀጠለች።